አባቴ በየትኛው ቋንቋ ይመርመሩ?

ጥያቄ፦ የ62 ዓመቱ አባቴ ከእኛ ጋር ሜሪላንድ ይኖራሉ። በግራ አንጎላቸው የፊት ክፍል ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የንግግር ቦታዎችን የሚያሳይ ልዩ ኤምአርአይ ታዘዘላቸው። ምርመራው በእንግሊዝኛ እንደሚደረግ ተነገረን። አባቴ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላቸው፤ የሚጫወቱትና የሚጸልዩት ግን በአማርኛ ነው። ቋንቋው ለውጥ ያመጣል? አደጋስ አለው?

መልስ፦ እግዚአብሔር አባትዎን ይማርልዎት። አዎን፣ ለውጥ ያመጣል፤ በአማርኛም እንዲደረግላቸው ይጠይቁ።

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በአብዛኛው ለሁለቱም የሚጠቀመው በተቀራረቡ የአንጎል ቦታዎች ቢሆንም፣ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ የአንጎልን ገጽ በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነኩ አንዱን ቋንቋ አቋርጠው ሌላውን የማይነኩ ነጥቦች አግኝተዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን አባትዎ ትእዛዙን በሚገባ ካልተከተሉ ምስሉ ደካማ መሆኑ ነው፤ ድክመቱ ከዕጢው ይምጣ ከእንግሊዝኛው መለየት ያስቸግራል።

መሣሪያው ሐሳብን አያይም፤ የሚያየው ደምን ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የተሸከመ ደም ከሚያስፈልገው በላይ ይጎርፍለታል፤ ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) ደግሞ የማግኔት ጠባዩ ካልያዘው ይለያል። ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ ይህን ልዩነት በምስል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ንግግር በየትኛው የአንጎል ወገን እንዳለ ለማወቅ ቀደም ብሎ የተለመደውና ዛሬም አልፎ አልፎ የሚሠራበት የዋዳ ምርመራ በደም ቧንቧ በሚሰጥ መድኃኒት ግማሹን አንጎል ለጥቂት ደቂቃዎች ያስተኛል፤ ያን ምርመራ ሳያደርጉ መቅረት ትልቅ እፎይታ ነው።

አባትዎ በመሣሪያው ውስጥ ተኝተው በመስታወት በኩል ጽሑፍ ያያሉ። «ዳቦ» የሚል ቃል ሲመጣ «ጋገረ፣ ቆረሰ፣ በላ» እያሉ ያስባሉ፤ ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ያርፋሉ፤ ይህም ይደጋገማል። ድምፅ ማውጣት አይፈለግም፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ራስም ተንቀሳቅሶ ምስሉ ይበላሻልና። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን መዘርዘር የሚባለው ልምምድ በአማርኛ ሲሠራ ግን ቅድመ ስምምነት ይፈልጋል፤ «በ» ከተባለ «ቡና» ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

ምስሉ ብቻውን አይወስንም። በዕጢው ዙሪያ የደም ሥሮች አሠራር ስለሚዛባ፣ ጸጥ ያለ መስሎ የሚታይ ቦታ ለንግግር አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ በምስሉ ላይ የደመቀውም ረዳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው መካከል አባትዎን ቀስቅሶ ሥዕል እያሳየ ስም ሊያስጠራቸው ይችላል። አይደንግጡ፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፣ የራስ ቅሉ ቆዳም ይደነዝዛል። ያን ጊዜም አማርኛ የሚሰማ ሰው በክፍሉ ውስጥ ያስፈልጋል።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እርስዎ ራስዎ ባያስተረጉሙ እመርጣለሁ፤ ልጅ ለአባቷ ስትራራ መልሱን ማሳመር ይቀናታል። ይልቅ ልምምዱን ቤት ውስጥ ቀድመው ያሠሯቸው።

ምርመራው ጨረር የለውም። በሰውነታቸው ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ ብረት ካለ አስቀድመው ያስታውቁ፤ ለንባብ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነም ለማግኔት የሚስማማ እንዲዘጋጅላቸው ይንገሩ።