መልስ፦ ጅማ ላይ ለልጆችና ለወላጆች የተፈጥሮ ትምህርት ከየት ይጀመር?

ሰላም እህቴ። ለሰፈርሽ ልጆችና ለወላጆቻቸው የቅዳሜ የተፈጥሮ ትምህርት ለመጀመር ባለሙያ መቅጠር ግድ ነው ወይ ብለሻል። ለጅማሬው አያስፈልግም። ጅማ ተቀምጦ ትምህርቱን ከወረቀት መጀመር ግን ያስቆጫል።

ከቡና ጀምሩ። ልጆቹ ቀይ እሸት ፈልፍለው ፍሬዎቹን ይቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይሆናል፣ አንዳንዴ አንድ ድቡልቡል ብቻ ይወጣል። ከዚያ ቀና ብለው ጥላውን ይዩ፦ ዋንዛው፣ ብሳናው ለምን አልተቆረጠም? ይህን የሚመልስ አዛውንት በየሰፈሩ አለ፤ እሳቸውን ጋብዙ። ወላጆችም ዝም ብለው ልጅ የሚጠብቁ ሳይሆኑ አብረው የሚጠይቁ ይሁኑ፤ ብዙ ፕሮግራም የሚዳከመው አዋቂው ዳር ሲቆም ነው።

ቀጥሎ የቦዬ ረግረግ። ለወፍ ማለዳ ይሻላል። ጉማሬ ስላለ ከውሃው ዳር ራቁ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ለግጦሽ ስለሚወጣ ፈጽሞ አትሂዱ። ለአዋቂዎቹ እዚያው መነጋገሪያ ሞልቷል፦ ረግረጉ ጎርፍ ይይዛል፣ ደለል ያስቀራል፤ ባሕር ዛፍና የጡብ አፈር ቁፋሮ ግን ያጣብቡታል። የጡብ ሥራ እንጀራው የሆነ ወላጅ ካለ እሱም ይናገር እንጂ አይወቀስ።

በለጠ-ጌራ የሚባለው ደን ግን ለጊዜው ይቆይ። መኪናና አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ጉሬዛ ለማየት የሚጓጉት ልጆች ይነዘንዙሻል፣ ቻይው። ባለሙያ ካስፈለገሽ ያኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍልን ጠይቂ።