ስለ አርነም ላንድ ሥራና ሥልጠና የጠየቃችሁኝ

ዳርዊን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ሰሜን አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ጥያቄያችሁ በዝቷል። ዛሬ የቻልኩትን ልመልስ። አርነም ላንድ ከዳርዊን በስተምሥራቅ ያለ የነባር ሕዝቦች መሬት ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

*አልፓ ምንድን ነው? መንግሥት ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?*

ሁለቱም አይደለም። በ1972 አርነም ላንድ ውስጥ ከሚሲዮናውያን ሱቆች ተነስቶ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ዛሬ ባለቤቶቹ የአርነም ላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዮልንጉ ሰዎች ናቸው፤ ቦርዱም የነሱ ነው። ዋና ሥራው ሱቅ ነው። ከትርፉ ታማሚን ይዞ ዳርዊን ለሚሄድ ዘመድ፣ ለባህላዊ ሥርዓትም ድጋፍ ይሰጣል።

*የአልፓ ሥልጠና ከሰርተፍኬት ያልፋል?*

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ሥራ በሌለበት መንደር ሰርተፍኬት ማደል የቆየ በሽታ ነው። ግድግዳው ሙሉ፣ ኪሱ ባዶ! አልፓ ሱቅ ውስጥ ግን ሰልጣኙ የሚማረው እዚያው ካሸር ላይና መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያው አርነም ላንድ፣ ሚሊንጊምቢ ደሴት ላይም የቤት ዕቃ መሥሪያ አለ፤ የመንደሩ ሰዎች ጠረጴዛና ወንበር ይሠሩበታል።

*መንግሥትስ ምን አደረገ?*

ረጅም ታሪክ ነው። በ1977 የተጀመረው ፕሮግራም የሥራ አጥ ድጎማውን ገንዘብ ለማኅበረሰቡ ይሰጥ ነበር። ምን እንደሚሠራ መንደሩ ይወስናል፣ ለሠራው ሰው ደሞዝ ይከፍላል። እንከን ነበረው፤ ግን የነሱ ነበር። ቀስ በቀስ አፈረሱት። በ2015 የመጣው ምትክ ሥራ አጡን በሳምንት 25 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ድጎማውን ለማግኘት ብቻ አሠራው። የቀረ ሰው ድጎማው ይቆረጥበታል። ከተማ ያለው ሥራ አጥ እንዲህ አልተጠየቀም። የምዕራብ በረሃ የንጋንያትጃራ ሰዎች በአድልዎ ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2021 በ2 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት አለቀ። ግዴታውም በዚያው ዓመት ተነሳ።

*ሰው ለቀብር ብሎ ሳምንታት ከሥራ ይቀራል ይባላል። እውነት ነው?*

እውነት ነው። ግን እህቴ፣ እኛስ ሠልስት ሳይወጣ ቢሮ ግቡ ብንባል እንገባለን? የዮልንጉ ቀብር ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ በሥርዓቱ እያንዳንዱ ዘመድ የራሱ ድርሻ አለው። ሌላም አለ፦ አማችና አማት ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ሁለቱን አንድ ፈረቃ ላይ ብትመድቢያቸው አንዱ ይጠፋል። ከከተማ የመጣ አለቃ "ሰነፍ" ብሎ ይጽፈዋል። የመንደሩ ሰው የሆነ ኃላፊ ግን ማን ከማን እንደሚዛመድ ያውቃል፤ ፈረቃውን ቀድሞ ያስተካክላል።

*መንጃ ፈቃድ ለምን እንቅፋት ይሆናል?*

ፈተናው ሩቅ፣ መለማመጃ መኪና የለ፣ አንዳንዱ የልደት ምስክር ወረቀት እንኳ የለው። ብዙ ሥራ ደግሞ መንዳት ይፈልጋል።

*ሜልቦርን ነኝ፤ እዚያ ሄጄ መሥራት እችላለሁ?*

ትችላለህ ወንድሜ፤ ነርስ፣ መምህርና መካኒክ ሁልጊዜ ይፈለጋል። መሬቱ የነሱ ስለሆነ ግን መግቢያ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ደግሞ ሥራህን ለአገሬው ልጅ አስተምረህ እንድትለቅ ቢጠብቁብህ ቅር አይበልህ። የሄድከው ለዚያ ነው።