የዋጥሽው ንዴት ወደ ድብርት ሲዞር

«ባሌ ሲያናድደኝ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ ለቀናት ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል፤ ንዴት ነው ድብርት?» ላልሽው፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የዋጥሽው ንዴት ሳይጠፋ ወደ ራስሽ ዞሮ ሊሆን ይችላል። «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት የምትጀምሪበትን ሰዓት አስተውይ። መጮህና ሰሃን መወርወርም አያድንም፤ ከኋላው የሚመጣው ጸጸት ይብሱን ይጥልሻል።

እስቲ ይህን ሞክሪ፦

1. መንጋጋሽ ሲጠብቅ ከክፍሉ ወጣ በይ።
2. ስትረጋጊ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፦ «እንግዳ ፊት ስታቋርጠኝ ተናድጃለሁ።» የአምናውን አታንሺ።
3. ማታ ነገሩን ማብሰልሰል ከጀመርሽ ከአልጋ ተነሺ። ድብርቱን የሚያከብደው ማብሰልሰሉ ነው።

የሚመታሽ ከሆነ ግን 2ኛውን ተይው። መጀመሪያ የምታምኚውን ሰው አማክሪ።

ከራሴ የተማርኩት፦ ዓመታት «ቻይ ናት» ስባል ኖርኩ። ቡና አፍልቼ፣ ስቄ እንግዳ ሸኝቼ፣ ጓዳ ገብቼ ረከቦቱ አጠገብ አለቅስ ነበር። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ሲለኝም «ንዴት ነው፣ ያልፋል» ብዬ ብዙ ቆየሁ። አንቺ እንደኔ አትቆዪ። እንዲህ ሆነሽ 2 ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀን አትቁጠሪ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ብቻሽንም አትሁኚ።