ዳይፐር እያስተዉት ልጅ ይዞ መውጣት፦ ታክሲው፣ ለቅሶው፣ ቅዳሴው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበቡት በአጭሩ ልድገመው፦ የ2 ዓመት ከ5 ወር ወንድ ልጅሽ ቤት ውስጥ ፖፖው ላይ መሽናት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስትወጪ ግን ዳይፐር ስለምታደርጊለት፣ ስትመለሱ እንደገና ሱሪው ላይ መሽናት ጀመረ። ቅዳሜ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ድረስ በታክሲ ለቅሶ መሄድ አለብሽ፤ አማትሽም «ለመንገድ ዳይፐሩን አድርጊለት፣ ምን ያስጨንቅሻል» ብለውሻል።

አማትሽ ያሉት ለአንድ ቀን ይገላግልሻል፣ ለሳምንት ግን ያስቸግርሻል። ዳይፐር እርጥበቱን ወዲያው ስለሚመጠው ልጁ መሽናቱን እንኳ አያውቀውም። በዚህ ዕድሜ «ይሄ ለመንገድ ነው፣ ይሄ ለቤት ነው» የሚባል ነገር አይገባውም፤ የሚገባው ወገቡ ላይ ወፈር ያለ ነገር ሲታሰርለት መልቀቅ እንደሚቻል ብቻ ነው። እንደ ሙታንታ የሚጠለቀውም ዳይፐር ያው ነው፣ ዋጋው ከመወደዱ በቀር። ስለዚህ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ቤትም ውጭም ሙታንታ ይሁን። የሌሊቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሌሊት ሳይሸኑ ማደር ሰውነት ሲበስል የሚመጣ ስለሆነ ለእንቅልፍ ብታደርጊለት የቀኑን ትምህርት አያበላሽበትም።

ከመውጣትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ አንድ ቁጥር አለ። ለሁለት ቀን ስልክሽ ላይ የሸናበትን ሰዓት ብቻ መዝግቢ። ለምሳሌ 2:20፣ 3:40፣ 4:50፣ 6:25 ላይ ከሸና ልዩነቱ 80፣ 70 እና 95 ደቂቃ ነው። አማካዩን ተዪውና አጭሩን ያዢ፤ 70። ከሱ ላይ 15 ቀንሺና 55 ደቂቃ ይሆናል። ውጭ ስትሆኑ በየ55 ደቂቃው ታሸኚዋለሽ ማለት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ፊኛ የሚይዘው በግምት 120 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከሁለት ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም፤ «ትንሽ ቻል አድርገው» ቢሉትም የሚችልበት ቦታ የለውም። ወተት ወይም ጭማቂ በደንብ ከጠጣ ደግሞ ሰዓቱ ያጥራል። ውሃ አትከልክይው፣ ሆዱ ይደርቅና ሌላ ጣጣ ታመጪያለሽ፤ የምታደርጊው ትልቁን ኩባያ ወተት ከመውጣታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም አድርጎ መስጠት ነው። መንገድ ላይ ጉንጭ ጉንጭ እያለ ውሃ ይጠጣ።

አሁን የቅዳሜን መንገድ በዚህ ቁጥር እንቁጠረው። ቤት 3:00 ላይ ሸና። ወጥታችሁ ታክሲ እስክታገኙ 15 ደቂቃ፣ መገናኛ እስክትደርሱ 25 ቢፈጅ፣ 40 ደቂቃ ሆነ። መገናኛ ስትወርዱ «አሁንማ ደርሰናል» ብለሽ የሜክሲኮው ሰልፍ ላይ እንዳትቆሚ፤ ከሰልፉ በፊት አሸኚው። ያኔ ለሁለተኛው ታክሲ እንደገና 55 ደቂቃ ይኖርሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰልፉን ይዞ፣ ታክሲ ገብቶ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ልጁ «ሽንቴ መጣ» ይላል። በዚህ ዕድሜ «መጣ» ካለ በኋላ የሚቀረው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ቅዳሜ እስኪደርስ ባሉት ቀናት ልምምድ አድርጉ። የመጀመሪያው ቀን ከሸና በኋላ ወዲያው ሱቅ ድረስ፣ 15 ደቂቃ፤ በማግስቱ 40 ደቂቃ፣ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር፤ ቀጥሎ አንድ ካፌ ገብታችሁ የማያውቀው ሽንት ቤት ውስጥ ይሽና። ሦስተኛው ዋናው ነው። ቤቱ ፖፖ ላይ በደንብ የሚሸና ልጅ የማያውቀው ሽንት ቤት ሲያይ ጭራሽ እምቢ ሊል ይችላል፤ ይህን ለቅሶ ቤት ደርሰሽ ማወቅ የለብሽም።

ሲወጣ የሚለብሰው ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቱታ ይሁን። ቀበቶ፣ ጂንስ፣ ትከሻ ላይ የሚታሰር ሱሪ አይሆንም፤ አንቺ ቁልፍ ስትፈቺ እሱ ጨርሶ ይጠብቅሻል። ቦርሳው ውስጥ ሦስት ሙታንታ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ፎጣ፣ ሶፍት፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ ለረጠበ ልብስ ሁለት ፌስታል ያዢ። ሁሉም ሰው የሚረሳው ካልሲና ጫማ ነው። ቆሞ የሸና ልጅ ሽንቱ በእግሩ ወርዶ ካልሲው ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፤ ሱሪ ቀይረሽለት በረጠበ ጫማ ይውላል። ስለዚህ ሁለት ጥንድ ካልሲ ጨምሪ፣ ጫማው ደግሞ የሚታጠብና ወዲያው የሚደርቅ የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ ግን ፖፖውን ራሱን መያዝ ነው። ትንሿን የፕላስቲክ ፖፖ በትልቅ ፌስታል አድርገሽ ያዢያት፣ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። አጠቃቀሟ እንዲህ ነው፦ ንጹሕ ፌስታል ፖፖዋ ውስጥ ዘርጊና ጠርዙን ወደ ውጭ ገልብጪው፤ ከውስጥ ከቤት የቀረሽን ዳይፐር ከፍተሽ፣ የሚመጠውን ፊት ወደ ላይ አድርገሽ አንጥፊበት። ልጁ ይሸናል፣ ዳይፐሩ ይመጠዋል፣ ፌስታሉን ቋጥረሽ ቆሻሻ መጣያ ትከቻለሽ። አይደፋም፣ አይሸትም፣ የተረፉት ዳይፐሮችም ሥራ አገኙ። ፌስታሉ ቀዳዳ እንደሌለው አስቀድመሽ ውሃ አድርገሽ ሞክሪው። ለወንድ ልጅ ሌላም አማራጭ አለ፤ አፉ ሰፊ የሆነ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ፣ ለምሳሌ ያለቀ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ። ሃይላንድ ጠባብ ስለሆነ እጅሽ ላይ ይፈስሳል፤ ቆርጦ መጠቀም ደግሞ ጠርዙ ይቧጭራል።

ካፌ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቂው ማኪያቶ አይደለም፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ነው። ብዙ ቦታ ቁልፉ ካሸሯ ጋር ነው፣ ልጁ ተወጥሮ ሳለ ቁልፍ ፍለጋ ከሄድሽ አልቋል። ለሕዝብ መጸዳጃዎቹም ዝርዝር ብር ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ልጁን ብቻውን እዚያ ላይ አታቁሚው፤ ቀዳዳው ያስፈራዋል፣ ወለሉም ያንሸራትታል። ሱሪውን ከአንድ እግሩ ሙሉ በሙሉ አውልቂና ጀርባውን ደረትሽ ላይ አስደግፊው፤ ሁለት እጅሽን ከጭኖቹ ሥር አግብተሽ አንሺው፣ ጉልበቶቹ ከዳሌው ከፍ ይበሉ። አንቺም ዝቅ በዪ፤ ከፍ ብለሽ ከያዝሽው ሽንቱ ጫማሽን ነው የሚመታው። የሚቀመጡበት ከሆነ ደግሞ ፊቱን ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው አዙረሽ እንደ ፈረስ አስቀምጪው። እግሮቹ ሰፋ ስለሚሉ አይሰጥምም፣ የሚይዘውም ነገር ያገኛል። ውሃውን እሱ ወርዶ፣ ከልብስ በኋላ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ልቀቂው። ብዙ ልጆች ሽንት ቤት የሚጠሉት ተቀምጠው ሳለ ያ ድምፅ ከሥራቸው ስለሚፈነዳ ነው። የትልልቅ ሕንፃና የአየር ማረፊያ ሽንት ቤት ደግሞ ውሃውን ራሱ የሚለቅ አለ፤ ሰው መነሳቱን የሚለየውን ትንሽ መስታወት (ሴንሰሩን) በትንሽ ሶፍት ሸፍኚው።

«ሽንትህ መጥቷል?» ብለሽ አትጠይቂው። መልሱ ምንጊዜም «አልመጣም» ነው፣ በተለይ ጨዋታ ላይ ከሆነ። ሰዓቱ ሲደርስ «ና፣ ሽንት እንሽና» ብለሽ ተነሺ፤ ምርጫ ከፈለግሽ «ፖፖው ላይ ነው ወይስ ሽንት ቤቱ?» በዪው። ከሰዓቱ በፊት ጭኑን ካጣበቀ፣ ፊት ለፊቱን ከያዘ፣ ወይም በድንገት ዝም ብሎ ከቆመ አትጠብቂ። ተቀምጦ አልወጣ ካለው በእጁ ላይ እንደ ሻማ «እፍ» ይበል፤ ሲተነፍስ ሆዱ ይላላል። ሁለት ደቂቃ ሞክሮ ካልሆነ አንሺው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ትመለሳላችሁ። በግድ ማስቀመጥ ሌላ ትግል ይጨምርብሻል።

ታክሲ ውስጥ ጭንሽ ላይ ፌስታል፣ ከላዩ የታጠፈ ፎጣ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ልብስሽም ወንበሩም የሚድነው በዚያ ነው። በሩ አጠገብ ብትቀመጪ «ወራጅ አለ» ለማለትም ይቀላል። እንቅልፍ ከወሰደው ሲነቃ ወዲያው ይሸናል፣ ስለዚህ መውረጃሽ ከመድረሱ አምስት ደቂቃ በፊት ቀስቅሺው፣ እንደወረዳችሁም አሸኚው።

ለቅሶ ቤት ስትደርሺ ድንኳኑ ውስጥ ከመቀመጥሽ በፊት ከቤቱ ሴቶች አንዷን ጠይቀሽ ሽንት ቤቱን አይተሽ ተመለሺ። ቦታሽን ከዳር ያዢ፤ መሃል ከገባሽ ሃምሳ ጉልበት ተሻግረሽ ነው የምትወጪው። ንፍሮና ቆሎ ይሰጡታል፤ በዚህ ዕድሜ ሊያንቀው ስለሚችል ቆሎውን አትቀበዪለት፣ ንፍሮውንም አድቅቀሽ ስጪው። ለስላሳ መጠጥም ባይጠጣ ይሻላል፤ ሽንቱን ሊያጣድፈው ይችላል።

ድንገት ቢያመልጠውስ? ያመልጠዋል፣ አንድ ጊዜ ቢያንስ። ከሰው ፊት ወደ ጓዳ ወይም ወደ ውጭ ውሰጂውና «ሽንት ሱሪህ ላይ ወጣ። ሽንት ፖፖ ላይ ነው። እንቀይር» በዪው፣ ከዚያ በላይ ንግግር አያስፈልግም። ሰው «ኧረ ነውር! ትልቅ ልጅ!» ሲለው ዝም አትበዪ፤ «እየተማረ ነው» በዪና ልጁን ይዘሽ ተነሺ። ያፈረ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሽንቱን ደብቆ ጥግ ሄዶ ነው የሚሸናው። የሰው ሶፋ ላይ ከሆነ በደረቅ ፎጣ ተጫኚው እንጂ አትሺው፤ ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ መልሰሽ ተጫኚው። ሙቅ ውሃ አትጠቀሚ፤ ሽታው ጨርቁ ላይ እንዲቀር ያደርገዋል።

ስለ ካካ ደግሞ፦ ምግብ ከበላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ አንጀቱ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ቁርስ በልቶ ወዲያው ከመውጣት፣ በልቶ ፖፖ ላይ ተቀምጦ ቢወጣ መንገዱ ግማሹ ቀለለ። እሑድ ሊቆርብ በባዶ ሆዱ ከሄደ ይህ ይገለበጣል፤ ካካው የሚመጣው ከቅዳሴ በኋላ የመጀመሪያውን ምግብ ሲበላ ስለሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታችሁ የሆነ ቦታ ቁርስ ከበላችሁ ሽንት ቤት ያለበት ይሁን። ካካውን ውጭ እምቢ ብሎ የሚይዝ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፣ የደረቀው ካካ ደግሞ ፊኛውን ስለሚጫነው ሽንቱ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። እናት «ሽንቱን ረሳ» ትላለች፣ ነገሩ ግን ሆዱ ነው። ፓፓያ፣ ውሃ፣ የተልባ ውሃ ስጪው፤ ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የሚጠጣ ከሆነ ቀንሺ።

ሲሸና የሚያለቅስ፣ ትኩሳት ያለው፣ ሽንቱ ላይ ደም የሚታይ፣ ወይም ሽንቱ ሳያመልጠው ከቆየ በኋላ በድንገት በቀን ደጋግሞ የሚያመልጠው ከሆነ ሐኪም ይየው። ብዙ ውሃ እየጠጣ ብዙ የሚሸናና የሚከሳ ከሆነም እንደዚያው፣ ሳይውል ሳያድር።

ከእንቅልፍ ሰዓት ውጭ ዳይፐር የምፈቅደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መኪናው የማይቆምበት ረጅም የአገር አቋራጭ ጉዞ። ያኔም መጀመሪያ ሙታንታውን አልብሺው፣ ዳይፐሩን ከላይ። ከሸና ሙታንታው ስለሚረጥብ ይሰማዋል፣ ወንበሩ ግን አይነካም። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ እንደማንኛውም ቀን ፖፖው ላይ አስቀምጪው፤ ስትደርሱም ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት ዳይፐሩን አውልቂው።