መልስ፦ የናፖሊዮንን 10 ሳንቲም በሎሚ ላጽዳት?

ተው ወንድሜ፣ ሎሚውን ለሰላጣ አቆየው። ዘውድ የደፋ «ኤን» ፊደል ያለባት የፈረንሳይ ሳንቲምህ ከ1807 እስከ 1810 ከተመቱት ናት። ብሯ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው መዳብ። ነጩ የብር ገጽ በጣም ስስ ስለሆነ ሎሚ ወይም የጥርስ ሳሙና ሲነካው ይነሣና ቀዩ መዳብ ብቅ ይላል። እሱን የሚመልስ መላ የለም፣ ዋጋዋም አብሮ ይወርዳል።

መጀመሪያ መዝናት፤ 2 ግራም ገደማ፣ ስፋቷም 19 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በአገልግሎት ብዛት ያለቀች ሳንቲም ትንሽ ብትቀል አያስደነግጥም፤ ማግኔት ከያዛት ግን ሐሰተኛ ናት።

ለአፈሩ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድራት። ቅባት ካለባት ንጹሕ አሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) በብርጭቆ ዕቃ አድርገህ 5 ደቂቃ ያህል ንከራት፤ መስኮት ክፈት፣ እሳት አርቅ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል። ስታደርቃት ጨርቁን ጫን ጫን እንጂ ፈተግ እንዳታደርግ። ጥቁረቱ አልለቅ ካለ ተወው፤ ሰብሳቢዎች እንዲያውም ይወዱታል።

ማስቀመጫዋ ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ አይሁን፤ እያደር አረንጓዴ ሙጫ ይተፋባታል። ማይላር የሚባለው ስስ ፕላስቲክ ይሻላል።

የተመታችበትን ከተማ የምትነግረውን ትንሿን ፊደልም በአጉሊ መነጽር እያት፦ «ኤ» ፓሪስ፣ «ደብሊው» ሊል፣ «ቢቢ» ስትራስቡርግ ነው። ዋጋዋን የሚለያየው በአብዛኛው ይህ ፊደልና ዓመቷ ነው።