የ8 ሚሊ ቀዳዳን ለ10 ብሎን ማስፋት፦ ሾጣጣ ሪመር የት ይሠራል፣ የት አይሠራም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት በ4 ሚሊ ፍላት አይረን (ጠፍጣፋ ብረት) ላይ ቀድሞ የተበሳ የ8 ሚሊ ቀዳዳ አለህ። የ10 ብሎን እንዲያስገባ ማስፋት ፈልገሃል። በእጅ ድሪል ትልቁን ፑንታ (የድሪሉን መብሻ) ስታስገባ ይነክሳል፣ እጅህን ይጠመዝዛል፣ ቀዳዳውም ክብነቱን ያጣል። «ሾጣጣ ሪመር (የተበሳ ቀዳዳን እየላጠ የሚያሰፋ መሣሪያ) ገዝተህ ተገላገል» ያለህም ሰው አለ። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ሥራህን ሊያበላሽብህ ይችላል። በብረታ ብረት ሥራ ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ፑንታው ለምን እንደሚነክስ እንይ። ፑንታ ሙሉ ብረት ሲበሳ ጫፉ መሃል ላይ ተተክሎ ይመራዋል። ቀዳዳ ቀድሞ ካለ ግን ጫፉ ባዶ ቦታ ላይ ነው። የሚቆርጡት የከንፈሮቹ (የጫፉ መቁረጫ ጠርዞች) ዳር ዳር ብቻ ናቸው። ጠመዝማዛው ጎድጓዳ ደግሞ ፑንታውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ብረቱ ቀጭን ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከንፈሮቹ በደንብ ሳይቀመጡ ፑንታው በማዶ ይወጣል። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን የሚመስለው ያኔ ነው።

ሾጣጣ ሪመር ይህን ችግር ይቀንሳል። ጫፉ ቀጭን ነው፣ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። በዙሪያው በርከት ያሉ የመቁረጫ ጠርዞች አሉት። ሁሉም የቀዳዳውን ዙሪያ ስለሚነኩ መሃሉን ራሱ ይይዛል። በአንድ ዙር የሚልጠው ትንሽ ነው። የቲ ቅርጽ እጀታ ያለው ዓይነት በእጅ ይዞራል። ለኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ለመኪና አካል፣ ለቀጭን ላሜራ እጅግ የምወደው መሣሪያ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሾጣጣ መሣሪያ ሾጣጣ ቀዳዳ ይተዋል። ስፋቱን ራስህ አስላው። ሪመሩ በ100 ሚሊ ርዝመት ከ3 ወደ 13 ሚሊ የሚሰፋ ቢሆን፣ በየ10 ሚሊው 1 ሚሊ ይጨምራል ማለት ነው። በ1 ሚሊ ላሜራ ላይ ልዩነቱ 0.1 ሚሊ ነው፣ ማንም አያየውም። በአንተ 4 ሚሊ ብረት ላይ 0.4 ሚሊ ይሆናል። በ10 ሚሊ ብረት ላይ ግን አንዱ አፍ ከሌላው በ1 ሙሉ ሚሊ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ብሎን የሚያርፈው በጠባቡ ጠርዝ ብቻ ነው። ሸክም ወይም ንቅንቅ ሲያገኘው ያ ጠርዝ ይበላል፣ ማያያዣው ይላላል። ስለዚህ ሸክም ለሚሸከም ወፍራም ብረት ይህን መሣሪያ አልመክርም።

ለ4 ሚሊ ግን መላ አለው። ግማሹን ከአንድ ወገን፣ ግማሹን ከማዶ ስራው። ጠባቡ ቦታ መሃል ላይ ይሆናል። መሃሉን 10.5 ብታደርሰው ሁለቱ አፎች ወደ 10.7 ይሆናሉ። ለ10 ብሎን ጠበቅ ያለው ቀዳዳ 10.5 ነው፣ የተለመደው 11። ልክ 10 አድርገህ አትተወው፤ ቀለም ሲቀባ ብሎኑ አይገባልህም።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሪመርን ወደ ኋላ አታዙር። ስታወጣውም ጭምር ወደ ፊት እያዞርክ ሳበው። ወደ ኋላ ሲዞር የተላጨው ብረት በጠርዙና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል ይቀረቀርና ጠርዙን ያደነዝዘዋል። ጥርስ ማውጫ (ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚቆርጠውን መሣሪያ) የለመደ ሰው ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ ማለት ልማድ ሆኖበታል። እዚህ ላይ ያ ልማድ መቅረት አለበት። ለብረት ዘይት አድርግለት፤ የመቁረጫ ዘይት ከሌለ የሞተር ዘይትም ከደረቅ ይሻላል። ለአሉሚኒየም ነጭ ጋዝ ጥሩ ነው። ነሐስና ካስት አይረን በደረቁ ይሠራሉ። አይዝጌ ብረት ከሆነ በዝግታ ግን ጫን ብለህ ቁረጥ። ሳይቆርጥ እየተፋተገ ከዞረ ቦታው ይጠነክርብሃል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይገባውም።

በድሪል የሚገባ ዓይነት ከገዛህ በዝቅተኛው ፍጥነት ተጠቀም፣ በደቂቃ ከ300 ዙር በታች። ድሪሉ ላይ በመዶሻ ምልክት የሚታየውን የመደብደቢያ አሠራር አጥፋ። ብዙ ሰው ግድግዳ የሚበሳበትን ድሪል ስለሚጠቀም ይረሳዋል። ብረቱን በእጅ አትያዝ፣ ሞርሳ (ብረት ማሰሪያ) ላይ እሰረው። መነጽር አድርግ። ጓንት ግን ከሚዞር ነገር አጠገብ አይደረግም፤ ፑንታው ጓንቱን ከያዘ ጣትህን ይዞ ይሄዳል።

ስተፕ ድሪል የሚባለውን ደረጃ ደረጃ ያለውንም አስብበት። እያንዳንዱ ደረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ይሰጥሃል። ገደቡ የብረቱ ውፍረት ከደረጃው ቁመት መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ቀጣዩ ደረጃ አፉን ያሰፋዋል። ስትገዛ የደረጃውን ቁመት በካሊፐር (ሚሊ በሚለካው መሣሪያ) ለካ።

ሌላም የሪመር ዓይነት አለ፣ እኔ ከሁሉም የማከብረው። በብረት መዋቅርና በድልድይ ሥራ የሚገባው ነው። ጫፉ ብቻ ሾጣጣ ነው፣ አካሉ ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ብረት ተደርቦ ቀዳዳዎቹ አልገጥም ሲሉ ጫፉ በጠባቡ ክፍተት ይገባል፣ አካሉ ሁለቱንም በአንድ ልክ ያጸዳቸዋል። ከማዶ የሚወጣው ቀዳዳ ቀጥ ያለ ነው። እዚህ ሁኔታ ላይ ብሎኑን በመዶሻ እየደበደቡ ማስገባት ጥርሱን መግደል ነው። ወፍራም ብረት ካለህና ቀዳዳዎችህ ካልገጠሙ የምትፈልገው ይህን ነው።

ለሾጣጣ ፒን የሚሠራውን ሪመር ደግሞ ከዚህ ጋር እንዳታምታታው። እሱ ስፋቱ 1 ለ50 ነው፣ በ50 ሚሊ ርዝመት 1 ሚሊ ብቻ ይጨምራል። ማርሽና ፑሊን ከዘንግ ጋር ለሚቆልፍ ፒን የተሠራ ነው። ቀዳዳ ማስፊያ አድርገው ሲሸጡልህ እሺ አትበል።

በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ከሆኑ የእጅ ሾጣጣ ሪመር ይበቃሃል፣ ከሁለት ወገን ስራው። ብዙ ከሆኑ ግን ቋሚ ድሪል ያለው ጎረቤት ፈልግ። ብረቱን በደንብ እሰር፣ በ10.5 ፑንታ በዘይት አስፋው። ለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ ወደ 700 ዙር ይበቃዋል። ከነከሰህ የፑንታውን የከንፈር ጠርዝ በድንጋይ በትንሹ አደንዝዘው፤ ያኔ መሳቡን ያቆማል። ያንን ፑንታ ለዚህ ሥራ ብቻ ለይተህ አስቀምጠው።

በማዶ የሚወጣውን ሹል በሊማ ወይም ትልቅ ፑንታ በእጅህ አዙረህ አንሳው። ካላነሳኸው ሮንዴላው (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት) አይተኛም። ቀዳዳዎቹ ስንት እንደሆኑና ብረቱ ሸክም የሚሸከም መሆን አለመሆኑን ጻፍልን፣ የቱ መንገድ እንደሚሻልህ ያኔ በትክክል እንነግርሃለን።