የቻፕሊን ፊት ላይ ማን አሸዋ በተነ? የፊልም ዲስክ ጥያቄና መልስ

የድሮ ኮሜዲ በብሉሬይ ስከፍት ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ይሆን?

ደህና ነው። የዚያ ዘመን ፊልም ቅርጹ 4 ለ3 ስለሆነ ከ1920 በ1080 ስክሪን ላይ 1440 በ1080 ብቻ ይሞላል። «ዙም» ካሉት ኮፍያው ይቆረጣል፤ «ዋይድ» ካሉት ሰውየው ይወፍራል።

አንድ አንባቢ በረጅሙ አማረዋል፦ ውድ የ4ኬ ዲስክ ገዝተው የቻፕሊን ፊት አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ስልክ ላይ ያዩት ቅጂ ይሻላል፤ ተጭበርብረዋል።

አልተጭበረበሩም። አሸዋ ያሉት ግሬይን ነው፤ ፊልሙ ላይ ያለው የብር ውህድ ብርሃን አግኝቶት ሲታጠብ የሚቀረው ቅንጣት። ምስሉ የተሠራው ከእሱ ነው። ቆሻሻና ጭረት ሌላ ነገር ነው፦ ቆሻሻው አንድ ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል) ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ጭረቱ ብዙ ፍሬም ላይ ሊቀጥል ይችላል፤ እነሱን ማጽዳት የአዳሾቹ ሥራ ነው። ግሬይኑን በሶፍትዌር የሚፍቁ ግን የጢሙን ፀጉርና የኮቱን ሽመናም አብረው ይወስዱና ፊቱን እንደ ሻማ ሰም ያለሰልሱታል። ኮሜዲ ላይ ይሄ ከጥፋትም ጥፋት ነው። የቻፕሊን ዘመን ኮሜዲያን ባስተር ኪተን ፊቱ አይፈታም፤ ቀልዱ ዓይኑ ጠርዝ ላይ ነው፤ እሱን ፍቀው ምን ሊያስቁን ነው?

ግሬይኑን የሚያስጠላው አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ነው። ፒክቸር ሞዱን «ፊልምሜከር» ወይም «ሲኒማ» ያድርጉ። ሻርፕነስን ወደ 0 ያውርዱ (አዳዲስ ሶኒዎች ላይ ግን 50 ላይ ይተዉት)፤ እያንዳንዱን ቅንጣት እያጎላ አሸዋ የሚያደርገው እሱ ነው። ኖይዝ ሪዳክሽንንና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን» ሶኒ «ሞሽንፍሎው» የሚሉትን፣ ያጥፉ። ከዚያ ፊት የሚቀርብበት ቦታ ላይ አቁመው ጠጋ ብለው ይዩ። የቅንድቡ ፀጉር ከተለየ ዲስኩ ጥሩ ነው። ቅንጣቱ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከተቋጠረ ግን ፊልሙ ሲታመቅ ነው የተጎዳው፤ ያን ማንም ሴቲንግ አያድነውም።

ሰዎቹ ለምን ይሮጣሉ?

ድምፅ አልባ ፊልም በእጅ በሚዞር ካሜራ፣ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ ከ24 ባነሰ ፍሬም ይቀረጽ ነበር፤ በ24 ሲታይ ይፈጥናል። ኮሜዲያኖቹ ሆን ብለው ካሜራውን ያዘገዩበትም ጊዜ ስላለ ሁሉም ስህተት አይደለም።

ከዋሽንግተን የተላከልኝን ብሉሬይ አዲስ አበባ ያለው ማጫወቻ አላነብ አለ።

የአሜሪካ ዲስክ ሪጅን (እንዲሠራ የተፈቀደለት የዓለም ክፍል) «ኤ» ነው፤ አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር «ቢ» ውስጥ ናት። የካርቶኑን ጀርባ ይመልከቱ። የ4ኬ ዲስክ ሪጅን የለውም፤ የ4ኬ ማጫወቻ ግን የግድ ነው። ማጫወቻዎ የትኛውንም ዲስክ ካላነበበ ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። እባክዎ ራስዎ ከፍተው ሌንሱን አያዩ፤ ሌዘር ነው፣ ዓይን ያጠፋል።

የተጫረ ብሉሬይ በጥርስ ሳሙና ልፈትግ?

አይፈትጉ! የዲቪዲ መረጃ ከገጹ 0.6 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው ያለው፤ የብሉሬይ 0.1 ብቻ። በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ።